ምስላችን ከምን ጋር ይቀጠላል?

በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



የውይይት ቡድናችን መንግሥት ስላሠራቸውና ከተለመደው መንገድ ወጥተው ስለተሠሩ የሙከራ ፊልሞች ሲያጠና ቆይቷል። «ከፈትልና ከእንጀራ ለማንወጣ ሴቶች ይህ ምን ይጠቅመናል?» ብላችሁ ጠይቃችሁን ነበር። ዛሬ እንመልሳለን።

በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ዓመት ሊሞላው ሲል፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። እንደነበረ ግን አላሳየውም። በተራቡት ሰዎች መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ሥጋ የሚበሉ ውሾች ገቡበት። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ረሃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። አዲስ ነገር የሆነው የሁለቱ መቀጣጠል ነው። የወሎዋ እናት ምስል መጀመሪያ እርዳታ ለመነ፤ ቀጥሎ ዙፋን ገለበጠ። ቴሌቪዥን የጥቂት ከተሜዎች ንብረት በነበረበት በዚያ ዘመን እሷ ፊቷ ለምን እንደዋለ የምታይበት ዕድል አልነበራትም።

በዚያው ክረምት አሜሪካ ይማሩ የነበሩት የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጹ። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ካሜራው የገበሬውን ቤተሰብ ድካም ሳይቸኩል ይከተላል፤ ተመልካቹም ከማዘኑ በፊት ሥራውን ያያል።

ሳሌም መኩሪያ ደግሞ «ስደት» በተባለው ፊልማቸው በሱዳን የነበሩ የሦስት ስደተኛ ሴቶችን ሕይወት አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2003 በቬኒስ ቢየናሌ ባቀረቡት ሥራ ምስሎቹን በሦስት ስክሪን ጎን ለጎን አስቀመጡ። እዚያ አገናኙ ተመልካቹ ራሱ ነው።

ወደ ጉለሌ እንመለስ። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመን ስንወርድ ካሜራ ጠብቆን ያውቃል። አንዲት እህታችን ለቀረጻ ንጹሕ ቀሚሷን ቀይራ አሮጌ እንድትለብስ ተጠይቃለች። ፊልሙ ገንዘብ አምጥቷል፤ በዚያም ገንዘብ የሠራነው ሥራ አለ፤ አንክድም። ልጇ ግን ያንን ምስል ከጓደኞቹ ስልክ ላይ አየው። ስለ ቁጠባችንም ሆነ ስለ ሸማችን አንድም ቃል አልነበረበትም።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ የምትቀረጽ አባል ፊልሙ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ በአማርኛ ይነገራት፤ እምቢ ማለትም መብቷ ይሁን። ሁለተኛ፣ ፊልሙ ተቆርጦና ተቀጥሎ ካለቀ በኋላ፣ ከመውጣቱ በፊት አብረን እንየው። ሦስተኛ፣ አንድ ቅጂ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ይህ በር መዝጋት አይደለም። ችግራችንን አንደብቅም፤ በ1966 የተደበቀ ረሃብ ምን እንዳስከተለ አይተናልና። የምንለምናችሁ ከችግሩ ጎን ሥራችንም እንዲቀመጥ ነው። ድሩ ከእኛ ከሆነ ማጉን ስትጥሉ አማክሩን።