ዱላ ገመና አይደለም
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተነገረ



በበዓል ቀን ደስ የሚያሰኝ ነገር መናገር የተለመደ ነው። ነገር ግን ከመካከላችን ሌሊቱን የእናቱን ጩኸት ሲሰማ አድሮ ጧት ደብተሩን ይዞ የሚመጣ ተማሪ አይጠፋምና ስለ እርሱ ዝም ማለት አይገባንም።

«ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» የሚል ተረት ወርሰናል። ዱላ የሚወድ ፍጡር ግን የለም። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁት ሴቶች ከመቶው 34ቱ ከባላቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የመንፈስ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። ባል ሚስቱን ለመምታት በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ያሉት ከወንዶች ከመቶው 28 ሲሆኑ፣ ከሴቶች ግን 63 ነበሩ። እንግዲህ ተረቱ ተመቺዋን ራሷን ጥፋተኛ ነኝ እንድትል አስተምሯታል ማለት ነው።

ሕጉ ግን ከተረቱ ተለይቷል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ ራስ አድርጎት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ሁለቱን እኩል አደረጋቸው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛው አካል ወይም አእምሮ ላይ ጉዳት ያደረሰ እንዲቀጣ ያዛል። ስለዚህ ዱላ የቤት ገመና ሳይሆን ወንጀል ነው።

ሽምግልና መልካም ባህላችን ነው። ነገር ግን ሽማግሌዎች «ለልጆችሽ ስትዪ ቻይው» ብለው ወደ መቺዋ ቢመልሷት፣ ለሚቀጥለው ዱላ ፈቃድ ሰጡ እንጂ አላስታረቁም። አስቀድሞ ደኅንነቷ ይጠበቅ።

ታዲያ ወዴት ትሂድ? የተጎዳች እንደ ሆነ ወደ ሐኪም ትሂድ፤ የሐኪሙ ወረቀት በፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናታል። ከዚያም ለፖሊስ ታመልክት። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያለ ክፍያ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም ለተጎዱ ሴቶችና ለልጆቻቸው መጠለያ አዘጋጅቷል።

ጓደኞቼ፣ ይህ በቤታችሁ ያለ እንደ ሆነ ጥፋቱ የእናንተም የእናታችሁም አይደለም። በዱላው መካከል አትግቡ፤ ወጥታችሁ ጎረቤት ጥሩ፤ ለምታምኑት መምህርም ንገሩ። መምህራን ሆይ፣ በክፍል የሚያንቀላፋውን ልጅ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ጠይቁት።

ወንድሞቼም ነገ ባሎች ትሆናላችሁ። መማራችን የሚታወቀው በምስክር ወረቀታችን ብቻ ሳይሆን በቤታችን በሚኖረው ሰላም ጭምር ነው።