የሳይንስ ዐውደ ርዕይና የቲም ተማሪዎቻችን

(በማኅበራችን የየቲም አሳዳጊዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በቅንነት በተከተሉ ሁሉ ላይ ይስፈን።



እንድንናገርበት የተሰጠን ርዕስ በሰኞ ገበያና በአካባቢው የመጀመሪያ ደረጃ ት/ቤቶች በትምህርት ዘመኑ መገባደጃ ስለሚዘጋጀው የሳይንስ ዐውደ ርዕይና በእርሱ ስለሚሳተፉ የቲም ልጆቻችን ነው። ከእናንተ መካከል «ለየቲም እህል፣ ልብስና የቤት ኪራይ ገና ሳይሟላ ስለ ካርቶንና ስለ ባትሪ ድንጋይ መወያየት ቅንጦት አይሆንምን?» ብሎ የሚጠይቅ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን በንግግራችን ሂደት ለመስጠት እንሞክራለን፤ ኢንሻ አላህ።

ዐውደ ርዕዩ ምን ይመስላል?

በዕለቱ ወደ ት/ቤቱ ግቢ የገባ ሰው ጠረጴዛዎች ተደርድረው፣ ከእያንዳንዱ ጠረጴዛ ኋላ ዩኒፎርሙን አጥቦ የለበሰ ሕፃን ቆሞ ያያል። አንዱ ከሃይላንድ ፕላስቲክ የውኃ መሳቢያ ሠርቷል። ሌላው በባትሪ ድንጋይና በሽቦ አምፖል ያበራል። ሌላዋ ባቄላ በጥጥ ላይ አብቅላ፣ ብርሃን ያገኘውንና ያላገኘውን ለይታ ታሳያለች። ወላጆች በየጠረጴዛው እየዞሩ ይጠይቃሉ፤ መምህራን ነጥብ ይሰጣሉ።

በዚህ ቦታ የልጆች የኑሮ ልዩነት ከመማሪያ ክፍሉ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። አባት ያለው ልጅ ሞተር፣ አምፖልና ቀለም ይገዛለታል፤ አንዳንዴም ሥራው በታላቅ ወንድሙ እጅ ተሠርቶ ይመጣል። የቲሙ ግን ባዶ እጁን መጥቶ ከጠረጴዛው ኋላ ከመቆም ይልቅ፣ የዚያን ዕለት ከት/ቤት መቅረትን ይመርጣል። የሚያስቀረው የአእምሮ ድካም አይደለም፤ «እኔ የማሳየው የለኝም» የሚል ኀፍረት ነው። ይህ ኀፍረት በልቡ ሥር ከሰደደ በቀጣዩ ዓመት ከሳይንሱ፣ ከዚያም ከትምህርቱ ሊያርቀው ይችላል። እንግዲህ የተነሣንበት ጉዳይ የካርቶን ጉዳይ አይደለም።

ገንዘብ የማይጠይቅ ዕውቀት

ሁለት ምሳሌዎችን እናቅርብ። አንድ እናቱ በገበያ ንፍሮ እየሸጠች የምታሳድገው የአምስተኛ ክፍል ተማሪ፣ «ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ንፍሮ ቶሎ ይበስልላታል፤ እናቴ ግን ብዙ እንጨት ትፈጃለች፤ ለምን?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ከእናቱ ምድጃ የተገኘ ቢሆንም የሳይንስ ጥያቄ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ኮምቦልቻ ግን ከ1,900 ሜትር በታች ናት። ወደ ላይ በወጣን መጠን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውኃ ኮምቦልቻ ላይ በ94፣ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከፈላ በኋላ እሳቱን ብንጨምርበትም ሙቀቱ አይጨምርም፤ ቶሎ ተንኖ ያልቃል እንጂ። ስለዚህ የደሴው ንፍሮ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ድስቱን በሚገባ መክደንም እንጨት ይቆጥባል። ልጁ ለዚህ ሥራ ያስፈለገው አንድ ቴርሞሜትር በውሰት ማግኘት ብቻ ነበር።

ሁለተኛዋ የስድስተኛ ክፍል ተማሪና የመድረሳችን ደረሳ ናት። ይዛ የቀረበችው አንድ ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ እንጨት፣ ክርና ማስመሪያ ነው። የዙህርና የዐስር ወቅት በጥላ እንደሚታወቅ በመድረሳ ተምራለች። የእንጨቱን ጥላ በየሳምንቱ በእኩለ ቀን ስትለካ ከርማ፣ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን ወድቆ 70 ሴንቲ ሜትር ይጠጋ የነበረው ጥላ እያጠረ ሄዶ፣ በሚያዝያ አጋማሽ ሊጠፋ እንደደረሰ፣ ከዚያም ወዲያ ማዶ መዞሩን አየች። «ኡስታዝ፣ ጥላው እኮ ወደ ደቡብ ዞረ!» ስትል የተሰማት ደስታ በገንዘብ የሚገዛ አይደለም።

ምክንያቱ ይህ ነው፤ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ከደሴ አናት በላይ ታልፋለች፤ በሚያዝያ ወደ ሰሜን ስትሄድ፣ በነሐሴ ስትመለስ። ወደ ሰሜን ጉዞዋን ቀጥላ በየዓመቱ ግንቦት 20 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ፣ በትክክል ከተከበረው ካዕባ አናት በላይ ትሆናለች። በዚያች ደቂቃ ፀሐይን በሚያይ አገር ሁሉ የቆመ እንጨት ጥላው የሚያመለክተው የቂብላን ተቃራኒ ነው። መካ ከደሴ በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ያን ዕለት የአንድ ሜትር እንጨት ጥላ በእኛ ከተማ ወደ ደቡብ ወድቆ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በሐምሌ 9 ገደማም ይኸው ይደገማል፤ በእኛ አገር ግን ያኔ ደመናው አያሳይም። እነሆ፣ በአንድ እንጨት የቂብላን አቅጣጫ ማረጋገጥ ተቻለ።

ዲንና ዕውቀት ተቃራኒዎች አይደሉም

አንዳንድ አሳዳጊዎች «ልጁ ቁርኣኑን ይቅራ፤ የዐውደ ርዕዩ ነገር ጊዜውን ያባክንበታል» ይላሉ። ስለ ቁርኣኑ ያላቸውን ተቆርቋሪነት እናከብራለን። ነገር ግን የመድረሳ ዕውቀት ራሱ ያለ ልኬትና ያለ ስሌት አይቆምም። የውርስን ሕግ፣ ፈራኢድን፣ እንመልከት። አንድ ሰው ሚስት፣ እናት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ቢሞት፣ ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ለእናት አንድ ስድስተኛ ተሰጥቶ ቀሪው ለልጆቹ ሁለት ለአንድ ይከፈላል። ንብረቱ በ72 ድርሻ ሲመደብ ለሚስት 9፣ ለእናት 12፣ ለወንዱ 34፣ ለሴቲቱ 17 ይደርሳል። ክፍልፋይ ያልተማረ ሰው የየቲምን ሐቅ እንዴት አድርጎ ይጠብቃል?

የቀደሙት ዑለሞቻችንም በዚህ የታወቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ965 በበስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም ብርሃን ከሚታየው ነገር ወደ ዓይን እንደሚመጣ ያስተማረው በጨለማ ክፍልና በጠባብ ቀዳዳ ሞክሮ ነው። በዛሬው ዐውደ ርዕይ ላይ በካርቶን ሣጥን ምስል ገልብጦ የሚያሳይ ሕፃን የእርሱን መንገድ እየተከተለ ነው። ከአገራችንም ዶ/ር አክሊሉ ለማን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ያንን ምልከታ ተከትለው እንዶድ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። እንዶዱን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁት ነበር፤ የተለየው ነገር አይቶ መጠየቁ ነው።

የቲምነትና ዕውቀት

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አባታቸው የሞቱት ሳይወለዱ ነው፤ በስድስት ዓመታቸው እናታቸውን፣ በስምንት ዓመታቸው አያታቸውን አጡ። ኢማሙ ሻፊዒ፣ ኢማም አሕመድና ኢማሙል ቡኻሪ (አላህ ይዘንላቸውና) ሦስቱም አባታቸውን በሕፃንነት አጥተው በእናቶቻቸው እጅ ያደጉ ናቸው። የእነዚያ እናቶች ታላቅነት ልጆቻቸውን ከረኀብ በመጠበቅ ብቻ አልተወሰነም፤ የዕውቀትን በር አስከፈቱላቸው። በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይገኛል። እህል የዛሬን ቀን ያሳልፋል፤ እርሱን ማቋረጥም አይገባም። የቲሙ ነገ ራሱን ችሎ ሌላውን የቲም የሚረዳ እንዲሆን ግን የመጠየቅ ድፍረት ያስፈልገዋል፤ ይህ ድፍረት የሚቆመው ወይም የሚሰበረው በሕፃንነት ነው።

ጉዳዩ በእኛ ከተማ የበለጠ ይከብዳል። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ ብዙ ት/ቤቶች ንብረታቸውን አጥተዋል፤ ብዙ ልጆችም አባት አልባ ሆነዋል። የተሰበረ ጠረጴዛ ይጠገናል፤ የተሰበረ የልጅ ልብ ግን ሰው ይፈልጋል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ማኅበራችን ለእያንዳንዱ ት/ቤት አንድ የመሣሪያ ሣጥን ያበርክት። ቴርሞሜትር፣ ማስመሪያ፣ ማጉያ መነጽር፣ ሽቦ፣ አምፖልና ባትሪ ድንጋይ ይኑርበት። ሣጥኑ ለሁሉም ተማሪ ክፍት ይሁን እንጂ «የየቲሞች» ተብሎ አይለይ።

ሁለተኛ፣ በዐውደ ርዕዩ ዕለት የቲሞችን በስም ጠርቶ መድረክ ላይ ማውጣት፣ ስጦታ ሲቀበሉም ፎቶግራፍ ማንሣት ይቅር። በጎ አድራጊውን የሚያስደስት ሥርዓት ሕፃኑን በጓደኞቹ ፊት የሚያሳንስ ከሆነ ሰደቃችን በተመጽዋች ስብራት ላይ ቆመ ማለት ነው። ሰጪን ለማስታወስ የማኅበሩ መዝገብ ይበቃል፤ ከሁሉም በላይ አላህ ያውቃል።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ አባል በዕለቱ ከአንድ የቲም ጠረጴዛ ፊት ይቁም። «ይህ እንዴት ይሠራል? ይህንንስ በምን ለካኸው?» ብሎ ይጠይቅ፤ የሚመልሰውንም እስከ መጨረሻው ያድምጥ። አባት ቢኖር ያደርገው የነበረው ይህንኑ ነው፤ ወጪው የግማሽ ቀን ጊዜ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ እናቶችና አሳዳጊዎች ከዐውደ ርዕዩ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ልጆቹን ከመላላክና ከገበያ ሥራ በተቻለ መጠን ያሳርፏቸው። እኛ የመድረሳ መምህራንም የቂርኣቱን ሰዓት እናመቻቻለን።

አምስተኛ፣ ነጥብ ሰጪ መምህራንን በትሕትና የምንለምነው ለተብለጨለጨው ሳይሆን ለተጠየቀው ጥያቄና ለተለካው ልኬት ዋጋ እንዲሰጡ ነው። እንጨት ይዛ የመጣችው ልጅ ሞተር ከተገዛለት ልጅ ጋር በእኩል ዓይን ትታይ።

ውድ ተማሪዎች፤ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። ባዶ እጃችሁን እንደሆናችሁ አታስቡ። ጦሳ ተራራ ላይ የሚያርፈው ጉም፣ የቦርከና ውኃ፣ የእናታችሁ ምድጃና የገዛ ጥላችሁ ሁሉ የሚጠየቁ ናቸው። እዩ፣ ለኩ፣ ጻፉ፤ ያላወቃችሁትንም ያለ ኀፍረት ጠይቁ።

አላህ (ሱ.ወ.) የየቲሞቻችንን ልብ ይጠግን፤ እናቶቻቸውን ያበርታ፤ ከሐላል ገንዘቡና ከጊዜው የሚለግሰውን ሁሉ ይቀበለው፤ ከተማችንንም በሰላም ይጠብቅልን።