ስለ ይዋስፍ አዳራሽና ስለ አቤሜሌክ በለስ

(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ታዘዝሁ፤ ሰው እውነት ነው ብሎ የኖረበት ዓለም እውነት እንዳይደለ ባወቀ ጊዜ ምን ይሆናል ስለሚለው ነገር መናገር ወደድሁ። ይህን የመሰለውን ታሪክ ወጣቶቻችን በሲኒማ እያዩ እንግዳ ነገር ይመስላቸዋል። ነገር ግን አባቶቻችን በብራና ጽፈው ያኖሩት ነው።

የደብረ ሊባኖስ 11ኛው እጨጌ አባ እንባቆም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1553 ዓ.ም.፤ የበረላምንና የይዋስፍን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱት። ኢማም አሕመድ በጦርነት ከወደቀ ገና 10 ዓመት ነበር። ብዙ አድባራትና መጻሕፍት ተቃጥለው፤ የሕዝቡ የቀድሞ ዓለም እንደ ሕልም ያለፈበት ዘመን ነበር።

በመጽሐፉም የህንዱ ንጉሥ አቤኔር ልጅ በተወለደለት ጊዜ፤ ይህ ሕፃን ክርስቲያን ይሆናል የሚል ትንቢት ስለ ሰማ፤ ያማረ አዳራሽ ሠርቶ በዚያ አኖረው። መልከ መልካም ወጣቶች ብቻ እንዲያገለግሉት፤ የሞት፣ የእርጅና፣ የደዌና የድህነት ነገርም በፊቱ እንዳይነሣ አዘዘ። ከአሽከሮቹ አንዱ ቢታመም ፈጥኖ ይወጣና ጤነኛ ይተካ ነበር። ይዋስፍም ዓለም ማለት ይህ ብቻ መስሎት አደገ። ኋላ ግን አባቱን አስፈቅዶ ቢወጣ በመንገድ ድውይና ዕውር፤ በሌላም ቀን የጐበጠ ሽማግሌ አየ። ይህ በሰው ሁሉ ይደርሳልን? ብሎ ጠየቀ። በዚያች ጥያቄ አዳራሹ ድንጋዩ ሳይነቃነቅ ፈረሰ።

ሊቃውንት እንደ መረመሩት የዚህ ታሪክ ሥሩ በህንድ ስለ ቡድሃ የሚነገረው ነው፤ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ኖሮ ከእኛ ደረሰ። ይህን ያህል ሕዝብ የተቀባበለው፤ አቤኔርን የመሰለ አባት በየሀገሩ ስላለ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ታሪክ በተረፈ ባሮክ የተጻፈው የኢትዮጵያዊው የአቤሜሌክ ነው። ኤርምያስ በለስ እንዲያመጣ ላከው፤ የኢየሩሳሌምንም ጥፋት እንዳያይ በዛፍ ጥላ ሥር እንቅልፍ ወረደበት፤ 66 ዓመትም ተኛ። በነቃ ጊዜ በቅርጫቱ ያለው በለስ ገና ትኩስ ነበረ። ጥቂት ያንቀላፋ መስሎት ወደ ከተማይቱ ቢገባ አላወቃትም። አንድ ሽማግሌም አግኝቶ ሕዝቡ ወደ ባቢሎን እንደ ተማረከ ቢነግረው አላመነውም፤ በለሱን አሳየው። ሽማግሌው ግን አልተሳለቀበትም። የሜዳውን አዝመራ እንዲመለከት አደረገው፤ ወራቱ የበለስ ወራት አልነበረምና። ያን ጊዜ አመነ፤ ከበለሱም ለሽማግሌው ሰጠው።

እንግዲህ ሁለቱም ከእውነት ተጋርደው ነበር፤ ግርዶሹ ግን አንድ አይደለም። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ስንል፤ አንጥረኛው በሰሙ ላይ ጭቃ መርጎ፤ ሰሙን አቅልጦ በስፍራው ወርቁን እንደሚያፈስስ እናስባለን። ሰም ሐሰት አይደለም፤ በጊዜው መቅለጥ ግን አለበት። የአቤሜሌክ እንቅልፍ የሚቀልጥ ሰም ነበር፤ የአቤኔር አዳራሽ ግን ከቶ እንዳይቀልጥ የታሰበ ሰም ነበር።

የሀገራችንም የመርዶ ሥርዓት ከፊተኛው ወገን ነው። ኀዘንተኛው ሌሊቱን ሳይሰማ ያድር ዘንድ እንሸሽገዋለን፤ ማለዳ ግን ሽማግሌና ወዳጅ ተሰብስቦ ይነግረዋል፤ ሲወድቅም ይደግፈዋል። የሸሸግነው ልንነግረው ነው። ነገር ግን ለሞት የቀረበውን በሽተኛ፤ ትድናለህ፤ ምንም የለብህም እያልን፤ ንስሐ ሳይገባ፣ ኑዛዜ ሳያደርግ፣ ልጆቹንም ሳይመርቅ ቢያልፍ፤ ያ ፍቅር የአቤኔር ፍቅር ነው። ለሰውዬው አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠውን ሰዓት ወስደንበታልና። ካህናት አባቶቼ ሆይ፤ ቤተ ሰቡ እንዳትነግሩት ብሎ በደጅ ሲያቆማችሁ ይህን አስቡ።

የምንኖርበትም ሰፈር ያስተምረናል። አትክልት ተራ ይባላል፤ እስከ 2012 ዓ.ም. ሽንኩርቱና ቲማቲሙ፣ ጎመኑና ሙዙ በእርግጥ ይሸጥበት ነበር። በዚያ ዓመት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተነሣ፤ ከዚያም ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤት ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። ስሙ ብቻ ቀረ። በውጭ ሀገር ብዙ ዘመን የኖረ ልጃችን ቢመለስ፤ በልቡ ትኩስ በለስ እንደ ያዘ እንደ አቤሜሌክ ቆሞ ይፈዛል። በዚያን ጊዜ እንደ ሽማግሌው አጠገቡ የሚቀመጥ፤ የነበረውን ነበረ፤ ያለፈውን አለፈ ብሎ በትዕግሥት የሚነግረው ያስፈልገዋል። እርሱም ያመጣውን በለስ፤ ይኸውም ትዝታውን፤ ለእኛ ይሰጠናል።

ኢዮቤልዩም ያለፈው አልጠፋም እያልን ራሳችንን የምናታልልበት ቀን እንዳይሆን፤ እውነቱን ተደጋግፈን የምንሰማበት ቀን ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።