ነገን በዓይነ ኅሊና ማየት፣ ዛሬን በጤና መኖር

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለእንግዶች የቀረበ ንግግር)







በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ዘወትር የሚነገረው ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደተሠራጨ፣ ስንት ኩንታል ምርት ለገበያ እንደቀረበና ምን ያህል ትርፍ እንደተከፋፈለ ነው። መነገሩም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከሪፖርቱ ጎን አንድ ጥያቄ አብሮ መነሣት ይኖርበታል። ምርቱ ጨምሮ፣ ገቢው አድጎ፣ ኑሮው ግን እንደነበረ የቀረ አባል በየቀበሌው አለ። ጥር ላይ ጎተራው ሙሉ ነው፤ ሐምሌ ላይ እህል ፍለጋ ደጅ ይጠናል። ተመሳሳይ መሬትና ተመሳሳይ ዝናብ ያገኘው ጎረቤቱ በበኩሉ ልጆቹን አስተምሮ፣ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶ፣ ለክፉ ቀን ገንዘብ አስቀምጧል።

ለዚህ ልዩነት ብዙ ምክንያት አለ። ሕመም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ያልታሰበ አደጋ ሁሉ ድርሻ አላቸው። በሰው እጅ ያለው ምክንያት ግን በሁለት ይጠቃለላል፤ የሚደርሱበትን አስቀድሞ ማየትና በየዕለቱ የሚደረግ ምርጫ።

ገበሬ ሳያይ አይዘራም

ነገን በዓይነ ኅሊና ማየት ለገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። በአውድማው ላይ ለዘር የሚሆነውን ዛላ ሲመርጥ የሚቀጥለውን ዓመት አዝመራ እያየ ነው። ጥጃ ሲገዛ በሬውን ያያል። የቡና ችግኝ የሚተክል ሰው ከዓመታት በኋላ የሚለቅመውን ቀይ ፍሬ ካላየ ጉድጓድ ሊቆፍር አይነሣም። የሚያሳዝነው ለማሳው ይህን ያህል አርቆ የሚያይ ሰው ለቤቱ፣ ለአካሉና ለልጆቹ ሲሆን «የነገን ማን ያውቃል» ብሎ መተዉ ነው። አባቶች «ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል» ሲሉ ፍጻሜውን ለፈጣሪ ሰጡ እንጂ ማሰቡን ከሰው ላይ አላነሡም።

ማየት ኑሮን እንደሚለውጥ በአገራችን በተደረገ ጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በምዕራብ ሐረርጌ ዞን በዶባ ወረዳ፣ ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰን (ዶ/ር) ጨምሮ አራት ተመራማሪዎች ለገበሬዎች አጫጭር ፊልሞችን አሳዩ። ፊልሞቹ አራት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው የ15 ደቂቃ ያህል ናቸው። ታሪካቸው እንደ ተመልካቾቹ ከገጠር ተነሥተው በእርሻ ወይም በአነስተኛ ንግድ ኑሯቸውን ያሻሻሉ ወንዶችና ሴቶች የሚናገሩት ነው። ለንጽጽር ሌሎች ገበሬዎች አስቂኝ የቴሌቪዥን ዝግጅት እንዲያዩ ተደረገ። ለተመልካቾቹ መነሻ ካፒታል አልተሰጠም። ከስድስት ወር በኋላ የስኬት ታሪኮቹን ያዩት ቤተሰቦች ምኞታቸው ከፍ ብሎ፣ ቁጠባቸውና ለልጆቻቸው ትምህርት የሚያወጡት ገንዘብ ጨምሮ ተገኘ። ከአምስት ዓመት በኋላም ለውጡ ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። እንደነሱ ያለ ሰው ከፍ ሲል ማየታቸው «ለኔም ይቻላል» እንዲሉ አደረጋቸው።

ምኞት ብቻውን እርሻ አያርስም

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጋብሪዬሌ ኦቲንገን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር ለረጅም ዓመታት ባደረጉት ጥናት፣ መልካሙን ውጤት በሐሳብ እያጣጣመ የሚቀመጥ ሰው ከሌላው ያነሰ እንደሚሠራ አሳይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሐሳቡ አዲሱ ቤት ውስጥ የገባ ሰው ሰውነቱ ሥራው እንዳለቀ ቆጥሮ ይዝናናል። የሚጠቅመው መልካሙን ውጤትና በመንገዱ ላይ የቆመውን መሰናክል ጎን ለጎን ማየት፣ ቀጥሎም ለመሰናክሉ አስቀድሞ መልስ ማዘጋጀት ነው።

ለምሳሌ በየገበያው ቀን አረቄ ቤት ጎራ ማለት የለመደ አባል «ከዛሬ ጀምሮ እተዋለሁ» ቢል ቃሉ እስከሚቀጥለው ገበያ አይዘልቅም። «እህሉን ሸጬ እንደጨረስኩ፣ ወዳጅ ሳያገኘኝ፣ አስቀድሜ ወደ ቁጠባና ብድር ማኅበሩ እገባለሁ» ብሎ ቢወስን ግን ውሳኔው ጊዜና ቦታ አገኘ። ሒሳቡም ቀላል ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ 30 ብር የሚያወጣ ሰው በዓመት 3,120 ብር ያወጣል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የሕይወትን መንገድ በሥዕል

በምዕራብ ኡጋንዳ የሚገኘው ቡኮንዞ ጆይንት የተባለ የቡና አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ሊንዳ ማዩ ከተባሉ ባለሙያ ጋር አባላቱ የሕይወት ዕቅዳቸውን በሥዕል የሚነድፉበትን ዘዴ አዳብሯል። ዘዴው በአገራችንም በገጠር ሴቶች ፕሮግራሞች ውስጥ ሲሠራበት ቆይቷል። ማንበብና መጻፍ አይጠይቅም፤ አንድ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

በመጀመሪያ በወረቀቱ ላይኛ ቀኝ ጥግ ትልቅ ክብ ተሥሎ፣ ቤተሰቡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊደርስበት የሚፈልገው ኑሮ በውስጡ ይሣላል። በታችኛው ግራ ጥግ ሌላ ክብ ተሥሎ የዛሬው ኑሮ ሳይጋነን ይቀመጣል። ሁለቱ ክቦች በመንገድ ይገናኛሉ። ከመንገዱ በላይ የሚያግዙ ነገሮች ይሣላሉ፤ ማኅበሩ፣ የመስኖ ውሃው፣ የልጆች ጉልበት። ከመንገዱ በታች እንቅፋቶቹ ይገባሉ፤ ድርቅ፣ በሽታ፣ የድግስ ወጪ፣ መጠጥ። በመጨረሻ በመንገዱ ላይ በየደረጃው ማረፊያ እየተደረገ በዚያ ጊዜ የሚደረስበት መጠን ይቀመጣል። በሦስት ዓመት 60 ቆርቆሮ ያለመ ቤተሰብ በዓመት 20 መግዛት አለበት ማለት ነው። ይህን ማሳካት ካልቻለ ሕልሙን ከመጣል ዓመቱን ማራዘም ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ባልና ሚስት መጀመሪያ ለየብቻ መሣላቸው ነው። ወረቀቶቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብዙ ጊዜ አባወራው በሬና ቆርቆሮ፣ እማወራዋ ደግሞ በአቅራቢያ የሚገኝ ውሃ፣ ጭስ የሌለው ማድቤትና ትምህርቷን የጨረሰች ሴት ልጅ ሥለው ሊገኙ ይችላሉ። ለዓመታት በአንድ ጣሪያ ሥር የኖሩ ሰዎች የየራሳቸውን ነገ ሲያዩ እንደኖሩ የሚገነዘቡት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ሁለቱን ወደ አንድ የማምጣት ውይይት ይጀመራል። የትርፍ ክፍፍል ገንዘብ ምን ላይ መዋል እንዳለበት የሚወሰነውም ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት፣ በዚህ ውይይት ይሆናል።

ጤና ከሌለ መንገዱ ይቋረጣል

የታሰበውን ኑሮ የሚሸከመው አካል ነው። አንድ አባል በክረምቱ መግቢያ ለአንድ ወር ቢተኛ የዓመቱ ዕቅድ ተበላሸ ማለት ነው። ጤናን የሚጠብቁት ምርጫዎች ደግሞ ትንንሽና የየዕለት ናቸው።

የመጀመሪያው ገበታ ነው። እንቁላሉንና ወተቱን ሙሉ በሙሉ ሸጦ በምትኩ ስኳርና ዘይት ብቻ ይዞ የሚመለስ ቤት ጥሩውን ለከተማ ሰጥቶ ደካማውን ለልጁ አስቀረ። ከእንቁላሉ ጥቂቱን ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ማስቀረት፣ በጓሮ ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር መትከል ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ከጡት ጋር የተመጣጠነ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልገዋል። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. የታወጀውም በዚህ ዕድሜ የቀረ ዕድገት በኋላ ለመተካት አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ዐዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው እንዲጠቀም ይመክራል። ወጡም ቡናውም በጨው በሚጣፍጥበት ቤት ይህን ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛው ንጽሕና ነው። ምግብ ከማዘጋጀት፣ ከመብላትና ሕፃን ከማጉረስ በፊት፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስና ሕፃን ካጸዳዱ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ብዙ የተቅማጥ በሽታን ይከላከላል።

ሦስተኛው የማሳ ላይ ጥንቃቄ ነው። ፀረ ተባይ ወይም ፀረ አረም የሚረጭ ሰው ነፋስን ከፊቱ አድርጎ መርጨት የለበትም። አፍና አፍንጫውን፣ እጁንና እግሩን ይሸፍን፤ እየረጨ አይብላ፤ እንደጨረሰም ገላውንና ልብሱን ለብቻ ይጠብ። የኬሚካሉ ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ለውሃም ለዘይትም መያዣ አይሆንም።

አራተኛው ዕረፍት ነው። እማወራ ከሁሉ በፊት ተነሥታ ከሁሉ በኋላ የምትተኛበት ቤት የጋራ ሕልሙን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ጥሏል። ውሃ መቅዳትና እንጨት ለቀማ ለሁሉም ከተከፋፈለ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይሆናል።

አምስተኛው አስቀድሞ መጠበቅ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሬ ሸጦ ከመታከም የሚያድን ነው። መዋጮው የሚከፈለው እህል በተሸጠበት ወቅት ቢሆን አይከብድም።

ከዩኒየኑና ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው

የአባል ኑሮ የአባሉ ብቻ ሥራ አይደለም። ውሃ በሌለበት ቀበሌ እጅ ታጠቡ ማለት፣ መድኃኒት በሌለበት ጤና ጣቢያ መድን ግቡ ማለት ቅሬታን ያተርፋል። ስለዚህ የወረዳው ኃላፊዎች አባላቱ ከሣሉት መንገድ በታች የሚገኙትን እንቅፋቶች ሰብስበው ቢያዩ፣ ለዕቅዳቸው ጥሩ መነሻ ያገኛሉ። መሠረታዊ ማኅበራትም ከትርፍ ክፍፍሉ ዕለት በፊት ባልና ሚስት በአንድነት የሚገኙበት የግማሽ ቀን ውይይት ቢያዘጋጁ፣ የቁጠባ ደብተርም በዚያው ዕለት እንዲከፈት ቢያደርጉ፣ ወጪው አነስተኛ፣ ፍሬው ግን ብዙ ነው። ኑሯቸውን ያሻሻሉ አባላት፣ በተለይም ሴቶች፣ መንገዳቸውን በየስብሰባው ቢያስረዱ ዶባ ላይ በፊልም የታየው እዚህ በሕያው ሰው ይታያል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደተባለው፣ የሚፈለገው ኑሮ በአንድ አዝመራ አይመጣም። በየገበያው ቀን፣ በየገበታውና በየማሳው ዳር በሚደረግ ምርጫ ግን ይቀርባል። በሚቀጥለው የምሥረታ በዓል ከኩንታሉ ቁጥር ጎን ስንት ቤት ሐምሌን ሳይበደር እንዳለፈ፣ ስንት ልጅም ከትምህርት ገበታ ሳይቀር እንደከረመ የሚገልጽ ሪፖርት እንዲቀርብ ምኞታችን ነው።

መልካም በዓል፣ መልካም የሥራ ዘመን ይሁንላችሁ።