ወገብን የሚደግፍ መቀነት

(በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ ለጎልማሶች የንባብ ቡድኖች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ወገብ ነው። «ደግሞ ስለ ወገብ ምን ይወራል?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ከእናንተ መካከል ወገቡን አሞት የማያውቅ ሰው እጁን ያውጣ። አያችሁ? አንድም እጅ አልወጣም።

የጉራጌ ቤት መካከሉ ላይ ምሰሶ አለው። ጣራውን የሚሸከመው እርሱ ነው። ምሰሶው ካዘመመ ግድግዳው ቢያምር፣ ሣሩ አዲስ ቢሆን ቤቱ ቤት አይሆንም። የሰውም አካል እንዲሁ ነው። እጅ ብርቱ ቢሆን፣ እግር ፈጣን ቢሆን ወገብ ከታመመ ሥራ የለም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በመላው ዓለም 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ወገብ ሕመም ነበረባቸው። ሰውን ከሥራና ከእንቅስቃሴ ከሚያግዱት ሕመሞች ሁሉ ግንባር ቀደሙ ይኸው ነው።

ወገብን የሚያደክመው ሥራችን

እንሰትን እንውሰድ። እናቶቻችን ኮባውን ሲፍቁ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ሳንቃው ከፊታቸው ጋደል ብሎ ይቆማል። አንዱን እግር አንሥተው ኮባውን በተረከዝ ሳንቃው ላይ ይጫኑታል። ከዚያ በሁለት እጅ የቀርከሃውን መፋቂያ ይዘው ከላይ ወደ ታች ይፍቃሉ። ወገብ ጎንበስ፣ ቀና፤ ጎንበስ፣ ቀና ይላል። ይህ ከጧት እስከ ማታ ነው። የመስቀል በዓል ሲደርስና ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲጠበቅማ ሥራው እጥፍ ይሆናል። ቆጮው፣ ቡላው፣ ቃጫው ሁሉ በወገብ የተገኘ ነው።

አባቶችም ቢሆኑ አልዳኑም። መሬት መቆፈር አለ፤ ችግኝ ማዛወር አለ። ወደ ከተማ የወጣው ልጃችንም ጆንያ ይሸከማል። ውኃ የምትቀዳ ልጅ ጀርባ ላይ ያለው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ነው።

ወገብ ለምን ይታመማል?

እስቲ ዶማ አንሡ። መጀመሪያ ከብረቱ አጠገብ ይዛችሁ አንሡት፤ ይቀላል። ቀጥሎ ያንኑ ዶማ ከእጀታው ጫፍ ይዛችሁ ብረቱን ወደ ፊት ዘርግታችሁ አንሡት። ከበደ፣ አይደለም እንዴ? ዶማው ያው ነው። የተለወጠው ርቀቱ ነው።

ወገብም እንዲሁ ነው። ሸክም ከሰውነት በራቀ ቁጥር ወገብ ላይ የሚያርፈው ኃይል ይጨምራል። ጎንበስ ብለን እጃችንን ዘርግተን ስናነሣ ወገባችን የእጀታው ጫፍ ሆነ ማለት ነው። በታችኛው ጀርባችን አምስት ትልልቅ አጥንቶች ተደራርበው ይገኛሉ። በመካከላቸው እንደ ትራስ ያለ ለስላሳ ነገር አለ። ዙሪያውን ደግሞ ጡንቻና ጅማት ይዘውታል። እነዚህ ሲደክሙና ሲጎዱ ያመናል።

የመጀመሪያው ሙከራችን

እናቶቻችን ሥራ ሲጀምሩ ወገባቸውን በነጠላ ወይም በመቀነት ጠበቅ አድርገው ያስራሉ። ይህ የቆየ ብልሃት ነው። እኛም «ይህን መቀነት ብናሻሽለውስ?» ብለን ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ተቀመጥን።

የመጀመሪያውን ከወፍራም ቆዳ ሠራነው። ሰፊና ጠንካራ ነበር። እንሰት ለሚፍቁ አንዲት እናት ሰጠናቸው። ቀትር ሳይሆን ፈትተው ጣሉት። ለምን ብለን ብንጠይቅ፣ «ይኼ ለቆመ ሰው ነው፤ እኔ የምሠራው ተቀምጬ ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው። ሲቀመጡ የታችኛው ጠርዝ ጭናቸውን፣ የላይኛው ጎድናቸውን ይወጋቸው ነበር።

ሁለተኛውን ከጨርቅ ሠርተን በአንድ ቋጠሮ አሰርነው። እርሱም አልሆነም። ወገብ ከጧት እስከ ማታ አንድ ልክ አይደለም። ሲቀመጡ ይሰፋል፤ ሲቆሙ ይጠባል። ከምሳ በኋላ ሆድ ይሞላል። በጧቱ ብርድ ልብስ ይደረባል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይወልቃል። ስለዚህ መቀነቱ በየጊዜው የሚጠብቅና የሚላላ መሆን እንዳለበት ገባን።

አሠራሩ

በሦስተኛው ጊዜ የተሳካልን እንደሚከተለው ነው። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ገበያ ያለ ልብስ ሰፊ ሊሠራው ይችላል።

1. ልክ መውሰድ፦ በእምብርት ትክክል ዙሪያውን በሜትር ይለካል። ከተገኘው ልክ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ይቀነሳል። ለምሳሌ የወገቡ ልክ 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የጨርቁ ርዝመት 70 ይሆናል። ከፊት የሚቀረው ክፍት ቦታ ለማጥበቂያና ለማላያ ነው።

2. ጨርቁ፦ ከውጭ ካኪ፣ ከውስጥ ያረጀ ጋቢ ይሁን። ጋቢው ላብ ይመጣል፤ ገላንም አይልጥም። የቃጫ ገመድ ግን ለከብት ማሰሪያ እንጂ ለገላ አይሆንም፤ ይቆርጣል።

3. ስፋቱ፦ ከኋላ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ስንዝር ያህል ነው። ወደ ፊት እየጠበበ መጥቶ 12 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የፊቱ መጥበብ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ነው።

4. ድጋፉ፦ አራት የቀርከሃ ስንጥሮች ይዘጋጃሉ። ርዝመታቸው 18፣ ስፋታቸው 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጠርዛቸው በደንብ ይላጋል። ከኋላ ሁለቱ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ በተሰፋላቸው ኪስ ይገባሉ። አከርካሪው ላይ ፈጽሞ አይደረጉም። መቀነቱ ሲታጠብ ይወጣሉ።

5. ማሰሪያው፦ ሦስት ጥንድ ማሰሪያ ከነዘለበቱ ይሰፋበታል። የማሰሪያው ቀዳዳዎች በሁለት ጣት ርቀት ይበሳሉ። ዘለበት ከጠፋ በአንድ ስበት የሚፈታ ቋጠሮ ይበቃል።

ማሰሪያው ሦስት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የታችኛው ጠበቅ፣ የመካከለኛው መጠነኛ፣ የላይኛው ላላ ይላል። እንዲህ ሲሆን ወገብ ይደገፋል፤ ትንፋሽ ግን አይታገድም።

አስተጣጠቁ

የታችኛው ጠርዝ በዳሌ አጥንት ላይ ይረፍ። ከታጠቃችሁ በኋላ ሁለት ጣት በመቀነቱና በሆዳችሁ መካከል አስገቡ። ካልገባ ጠብቋል። በረጅሙ ተንፍሱ፤ ካቃታችሁ ጠብቋል።

የምትታጠቁት በከባዱ ሥራ ሰዓት ብቻ ነው። ለምግብ ስትቀመጡ ፍቱት። ማታ ይዛችሁት አትተኙ።

አንዲት እናት መቀነቱን ወደዱትና ቀኑን ሙሉ አላወልቅ አሉ። ይባስ ብለው «ታጥቄ የለም እንዴ!» በማለት ከወትሮው የበለጠ መሸከም ጀመሩ። በሳምንቱ ሕመሙ ብሶባቸው አገኘናቸው። መቀነት ጉልበት አይጨምርም። ጉልበት የጨመረ ይመስላል እንጂ።

እውነቱን እንነጋገር

በአሜሪካ በ160 ትልልቅ መደብሮች ዕቃ የሚያነሡ ከ9,000 በላይ ሠራተኞች ተጠንተው ውጤቱ በ1993 ዓ.ም. ታትሞ ነበር። ቀበቶ ዘወትር የሚታጠቁትም ሆኑ የማይታጠቁት በወገብ ጉዳትና ሕመም አልተለያዩም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ከሦስት ወር በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም ቀበቶ እንደ መደበኛ ሕክምና እንዳይሰጥ መክሯል።

«ታዲያ ለምን ሠራችሁት?» ትሉናላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለአንዳንዱ ሰው መቀነቱ በከባዱ ሰዓት ሕመሙን ያቀልለታል። ወገቡን ያሞቅለታል። ሊጎብጥ ሲል ቀርከሃው ያስታውሰዋል። ከዚህ ያለፈ ነገር አይጠበቅበትም። ባላ ያዘመመ ቤት ለጊዜው ይደግፋል፤ የበሰበሰ ምሰሶ ግን አያድንም። መቀነቱም ባላ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምንነግራችሁ የራሳችንን ጥፋት ነው። አንድ ወጣት ወደ እኛ መጣ። አዲስ አበባ በሸክም ሥራ ቆይቶ የተመለሰ ነው። ወገቤን ያመኛል ስላለን ለክተን ሰጠነው። ከወር በኋላ አልተሻለኝም ብሎ መጣ፤ አጥብቀን ሰደድነው። እንደገና መጣ፤ እንደገና አጠበቅነው። ሰውነቱ መክሳቱን አይተናል። ሌሊት ያልበኝ ጀመር ማለቱንም ሰምተናል። ነገር ግን ዓይናችን መቀነቱ ላይ ነበር። በመጨረሻ እግሩ አልታዘዝ ሲለው ሰዎች ተሸክመው ሐኪም ቤት ወሰዱት። የጀርባ አጥንቱን የያዘው የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ቲቢ ሳንባን ብቻ ሳይሆን አጥንትንም ይይዛል። ለብዙ ወራት መድኃኒት ወስዶ አሁን በእግሩ ይሄዳል። ሸክም ግን አይሸከምም።

በሽታውን ያመጣው መቀነቱ አይደለም። ጊዜውን የበላው ግን እርሱ ነው። እኛም ማጥበቅ እንጂ መጠየቅ አላሰብንም። ከዚያ ወዲህ ሜትሩን ከመዘርጋታችን በፊት እንጠይቃለን።

ከመታጠቅ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንደኛ፦ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት አለ ወይ? ሕመሙ ሌሊት ተኝተው ሳሉም ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል ወይ?

ሁለተኛ፦ እግር ይደነዝዛል ወይም ይዝላል ወይ? ሽንት ወይም ዓይነ ምድር አልወጣ ወይም አልቋጠር ብሏል ወይ? ይህ ካለ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፦ ሕመሙ የጀመረው ከመውደቅ ወይም ከአደጋ በኋላ ነው ወይ?

አራተኛ፦ ቡአ አለ ወይ? እናቶች ሆይ፣ ማሕፀን ወደ ታች የመውረድ ስሜት አለ ወይ? ሆድን አጥብቆ ማሰር ወደ ታች ይገፋል፤ ሕመሙን ያብሳል። ስለዚህ ጉዳይ መናገር ብዙዎች ያፍራሉ። አያሳፍርም፤ ሕክምና አለው።

አምስተኛ፦ እርግዝና አለ ወይ? ነፍሰ ጡር ሆዷን አታስርም። አራስም የጤና ባለሙያ ሳትጠይቅ አጥብቃ አትታጠቅ።

ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ መልሱ «አዎን» ከሆነ መቀነቱን ተዉትና ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይልኳችኋል። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።

ከመቀነት የሚበልጥ ነገር

ሕመሙ የተለመደው የድካም ሕመም ከሆነ ዋናው መድኃኒት አሠራራችንን ማስተካከል ነው። ዕቃ ስታነሡ ከጉልበታችሁ ሸብረክ በሉ፤ ሸክሙን ደረታችሁ ላይ አስጠጉ። ኮባ የምትፍቁ እናቶች መሬት ላይ ከመቀመጥ በዝቅተኛ በርጩማ ተቀመጡ፤ እግራችሁንም አቀያይሩ። በየመካከሉ ተነሥታችሁ ጥቂት ተራመዱ። ወገቡን ያመመው ሰው ለብዙ ቀን አልጋ ላይ ይዋል የሚባለው ምክር አይጠቅምም። አቅም በፈቀደ መጠን መንቀሳቀስ ይሻላል። እንሰት መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያዎችም በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተሠርተዋል። እነዚህን የመሰሉ መሣሪያዎች በጋራ ገዝቶ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ከግብርና ባለሙያችሁ ጋር ተማከሩ።

አባቶች ሆይ፣ አንድ ቃል ለእናንተ። እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው ስንል ኖረናል። ይሁን፤ መፋቁን ለእነርሱ ተዉት እንበል። ኮባውን ተሸክሞ ማቅረብስ? ጉድጓዱን መቆፈርስ? ጀሪካኑን ከአህያ ላይ ማውረድስ? ይህን ማን ከለከለን? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለም! ለወገብ ከሁሉ የሚሻለው ደጋፊ አጠገቡ የቆመ ሰው ነው።

እንግዲህ መቀነቱን ሥሩ፤ ልኩን ጠብቃችሁ ታጠቁ፤ ሥራው ሲያልቅ ፍቱ። ሕመሙ ግን አልለቅም ካለ አታጥብቁት፤ ተነሥታችሁ ጠይቁ።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. ዶማውን ከእጀታው ጫፍ ይዘን ስናነሣ ለምን ይከብደናል?
2. መቀነቱ ሦስት ማሰሪያ ያስፈለገው ለምንድን ነው?
3. መቀነት መታጠቅ የሌለባቸው እነማን ናቸው?
4. ወጣቱ ቀድሞ ሐኪም ቤት እንዲሄድ ማን ምን ማድረግ ነበረበት?
5. በቤታችሁ ወገብን ከሚጎዱት ሥራዎች የትኛውን ለሁለት መካፈል ይቻላል?