ወንዝ የሰጡትን ያደርሳል
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ቆሻሻና ወንዝ የሚል ነው። «ወንዝን ከዕድር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አባል እንደሚኖር እናውቃለን። ዕድር የተቋቋመው የሞተውን በክብር ለመቅበርና ኀዘንተኛውን ለማጽናናት ነው። ይሁን እንጂ ሊቀር የሚችለውን ሞት ማስቀረትም ከዕድር ሥራ የወጣ አይደለም።

እኛ የዋጫና የአካባቢዋ ነዋሪዎች በውኃ እጥረት የምንታማ አይደለንም። የካፋ አገር ዝናቡ ብዙ ነው፤ ከየጫካው ሥር ምንጭ ይፈልቃል። ጫካችንም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ታዲያ ይህ የውኃ ብዛት አንድ ክፉ አባባል አምጥቷል። ቦይ ውስጥ ጥራጊ ሲደፋ፣ ወንዝ ዳር የከብት ፈርስ ሲጣል «ግድ የለም፣ ዝናብ ይወስደዋል» ይባላል። እርግጥ ነው፣ ይወስደዋል። ግን ወዴት ነው የሚወስደው?

እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን። ለተላላኪ የተሰጠ ደብዳቤ ጠፋ አይባልም፤ አድራሻው ላይ ለተጻፈው ሰው ይደርሳል። ወንዝም እንዲሁ ተላላኪ ነው። የሰጡትን ተቀብሎ ያደርሳል እንጂ አያጠፋም። ልዩነታቸው አንድ ነው፤ ተላላኪ ሲያስረክብ ያስፈርማል፣ ወንዝ ግን ሳያስፈርም ከታች ባለው ሰው እንስራ ውስጥ ያስገባዋል።

ከታች ያለው ሰው ደግሞ ባዕድ አይደለም። የዚሁ ዕድር አባል ነው። አንድ የታችኛው ሠፈር አባል በስብሰባ ላይ «መዋጮውን እኩል እንከፍላለን፤ ውኃውን ግን እናንተ ንጹሑን ትቀዳላችሁ፣ እኛ እጣቢውን» ብለው ተናግረዋል። ይህ ቃል መልስ ይፈልጋል።

ውኃ ጥርት ብሎ ስለታየ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ከሰው ዓይነ ምድር የሚመጣው ተሕዋስ በዓይን አይታይም። ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ኮሌራም ሳይቀር መንገዳቸው ይኸው ነው። በ2008 ዓ.ም. በዋናው ከተማችን በአዲስ አበባ እንኳ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ተነሥቶ ብዙ ሰው ታሟል። በዚህ በሽታ ቶሎ የሚጎዳው ሕፃን ልጅ ነው፤ ሰውነቱ ውኃ ሲያጣ አቅም የለውም። ፌስታል ደግሞ እንደ ኮባ ቅጠል በስብሶ አፈር አይሆንም። ቦይ ይደፍናል፣ ጎርፍ ወደ ቤት ይመልሳል፤ ላም ከዋጠችው ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ይገድላታል።

የቡናም ነገር አለ። ቡና የካፋ ሕይወት ነው፤ ቡናን የሚነቅፍ ከመካከላችን አይኖርም። ደረቅ ቡና በአልጋ ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ ስለሚደርቅ ወንዝ አይነካም። እሸት ቡና ሲታጠብ ግን ሌላ ነው። ቀዩ ልጣጭና ፍሬውን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር ስኳር አለበት። ይህ ወንዝ ከገባ በኋላ ሲብላላ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣውም ትንንሹ ነፍሳትም ይታፈናሉ። ውኃው ይጠቁራል፣ ይኮመጥጣል፣ ይሸታል። በጎረቤታችን በጅማ በኩል የተደረገ ጥናት፣ በእንዲህ ያለ ውኃ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ራስ ማዞር፣ የቆዳና የዓይን ማሳከክ፣ የሆድ ሕመም እንደሚሰማቸው መግለጻቸውን መዝግቧል። ልብ በሉ፤ የቡና አጠባ የሚበዛው ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ዝናብ ሲያባራና ወንዝ ሲጎድል ነው። «ዝናብ ይወስደዋል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ጭራሽ አይሠራም። መድኃኒቱ ግን ከአቅም በላይ አይደለም። እጣቢውን ከወንዝ ራቅ ባለ ጉድጓድ ማጠራቀም፣ ልጣጩን አብስሎ ለማሳ ማዳበሪያ ማድረግ፣ በወንዙ ዳር ቬቲቨር ሣር መትከል ይቻላል።

ነገሩ ቸል ሲባል የት እንደሚደርስ ለማወቅ አቃቂን መመልከት ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ገብተው ቆቃ ሐይቅ ይደርሳሉ። ለብዙ ዓመታት የቤት ፍሳሹም የፋብሪካውም ዝቃጭ ሲገባባቸው ኖሯል። ከቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣው ክሮም የተባለው ማዕድን እንደ ዓይነ ምድር አይበሰብስም፤ በወንዙ ውኃ በሚጠጣው አትክልት አድርጎ ወደ ገበታ ይመለሳል። የእኛም አገር ጎጀብ ወደ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞም ቱርካና ሐይቅ ላይ ያበቃል። ቱርካና ወደ ባሕር መውጫ የለውም፤ የደረሰው ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ሕግስ የለም ወይ? አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ፣ ማንም ሰው በግሉ መጎዳቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንዲችል ደንግጓል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ ባለ አቤቱታው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ነገር ግን አዋጅ ብቻውን ከመደርደሪያ ወርዶ ቦይ አይጠርግም። ሰው ያስፈልገዋል።

ያ ሰው በዕድር ውስጥ አለ። ሰብሳቢ አለን፣ ጸሐፊ አለን፣ መዝገብ አለን፣ ተራ አለን፣ የቀረ ይቀጣል። ድንኳን ለመትከል የሚያገለግለን ሥርዓት ለወንዙም ያገለግላል። ስለዚህ ለጉባኤው የሚከተለውን እናቀርባለን።

1ኛ. በኀዘንም በተዝካርም ቤት የእርድ ፈርስና ደም በጉድጓድ ይቀበር፤ ይህም የጥሬ ዕቃ ኃላፊው ሥራ ሆኖ በደንባችን ይጻፍ።

2ኛ. መጸዳጃ ቤት የሚቆፍር አባል ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

3ኛ. በወር አንድ ቀን፣ እንደ ቀብር ጥሪ ስም ተጠርቶ፣ ቦይና የወንዝ ዳር ይጠረግ። የቀረ በደንቡ ይቀጣ።

4ኛ. ለኀዘን ቤት ዕቃ የሚገዛ ሰው ዘንቢል ይያዝ።

5ኛ. ከአባላት አቅም በላይ የሆነ ብክለት ሲታይ ጸሐፊው ቀኑን፣ ቦታውንና የታየውን መዝግቦ በዕድሩ ማኅተም አቤቱታ ያቅርብ። ያልተመዘገበ ነገር አልተደረገም ይባላልና።

ይህ ሁሉ እስኪደርስ ድረስ የታችኛው ሠፈር እናቶች የመጠጥ ውኃን አፍልታችሁ አቀዝቅዛችሁ፣ በተከደነ ዕቃ አኑሩት።

ወገኖቻችን፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች። የዋጫ ወንዝ ገና እንደ አቃቂ አልሆነም፤ ዛሬ የሚያስፈልገው አካፋና ጉድጓድ ነው። ነገ ግን በአካፋ የማይሠራ ይሆናል። ለታችኛው ሠፈር አባል የምንሰጠው መልስ በቃል ሳይሆን በድምፅ ይሁን፤ አምስቱ ነጥቦች ዛሬውኑ ድምፅ እንዲሰጥባቸው በአክብሮት እንጠይቃለን።