ሕግና ሰይፍ



«በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው የሚፈስ ውሃ ይቆማል፤ ይላሉ አባቶቻችን። ነገር ግን ጦር ድል ባደረገ ማግስት፥ ድል አድራጊው ባለሙሉ ሥልጣን፥ ድል የተነሣውም አፍ የለሽ በሆነበት ስፍራ፥ ሕግ ማንን ያቆማል? ዛሬ የምንነግራችሁ ይህ ጥያቄ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ስለ ተከተላቸው ሰው፥ ስለ እስራኤላዊው ዳኛ ስለ ሜየር ሻምጋር ነው።

ሻምጋር በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1925 ዓ.ም. በዳንዚግ ከተማ ተወልደው በ1939 ወደ ፍልስጥኤም ገቡ። አገሪቱን ታስተዳድር የነበረችው እንግሊዝ ነበረችና፥ ኢርጉን በተባለው የስውር ተዋጊዎች ማኅበር አባልነታቸው በ1944 ተይዘው ያለ ፍርድ ወደ ኤርትራ ተጋዙ። በግዞት ሳሉም ከለንደን ዩኒቨርሲቲ በጽሑፍ ልውውጥ ሕግን ተማሩ። ፍርድ ሳይሰጣቸው የታሰሩት ወጣት፥ የአሳሪዎቻቸውን ሕግ በእስር ቤት አጠኑ ማለት ነው።

ከ1961 እስከ 1968 የእስራኤል ጦር ሠራዊት ዋና የሕግ ሹም ሆኑ። ከ1967ቱ ጦርነት አስቀድሞ፥ ሠራዊቱ ሌላ ምድር ቢይዝ አስተዳደሩ በምን ሕግ እንደሚመራ መኰንኖቻቸውን አስተምረው፥ መመሪያም አሰናድተው ነበር። ጦርነቱ በሆነ ጊዜ የሕግ አማካሪዎቹ ከጦር አዛዦች ጋር አብረው ዘለቁ።

ዋናው ሥራቸው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በተያዘው ምድር የሚኖር ፍልስጥኤማዊ በጦር አዛዡ ላይ ለእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት ቢል፥ መንግሥት «ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም» ብሎ በሩን ሊዘጋ ይችል ነበር። ሻምጋር ከ1968 እስከ 1975 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሳሉ ይህ መቃወሚያ እንዳይቀርብ አደረጉ። በ1975 የዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ፤ ከ1983 እስከ 1995 ደግሞ በፕሬዚዳንትነት መሩት። ጠቅላይ ሚኒስትር ራቢን በ1995 በተገደሉ ጊዜ የመርማሪው ጉባኤ ሰብሳቢ እርሳቸው ነበሩ። በ2019 በ94 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሆኖም ምስጋናው ያለ ነቀፋ አይደለም። በ1949 የተፈረመው አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት በተያዘው ምድር ላይ በሕግ አያስገድድም፥ የሰብአዊነት ድንጋጌዎቹ ግን በተግባር ይጠበቁ ሲሉ ተከራክረዋል። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2004 በሰጠው አስተያየት ግን ስምምነቱ ይጸናል ብሏል። ደግሞም በተከፈተው በር የገቡት ሁሉ ፍትሕ አግኝተው አልወጡም፤ ቤት ማፍረስን የመሰለውን የጦር አዛዦች ትእዛዝ ፍርድ ቤቱ ብዙ ጊዜ አጽንቶታል። በር መክፈት አንድ ነገር፥ በውስጥ ያለው ፍርድ ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ፥ አንባብያን ሆይ፥ በየመሥሪያ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ አንድ ትንሽ መቃወሚያ ተቀምጣለች፤ «ይህ የኛ ክፍል ጉዳይ አይደለም» የምትል ናት። አቤት ባዩን ለመመለስ ይህች ብቻ ትበቃለች። ባለሥልጣን ኀይሉ የሚለካው በሩን ለመዝጋት በመቻሉ ሳይሆን፥ መዝጋት ሲችል በመተዉ ነው። በሩን ከከፈተም በኋላ የገባውን ሰው ነገር በቅን ልቡና ይመርምር፤ ይህ ከጎደለ የተከፈተው በር ለጌጥ ብቻ ይቀራልና።